የዘይነባ ሱሪና የአባ ሙሔ ኮርቻ

ወስፌዬን የሰቀልሁት እጄ ደክሞ አይደለም። እጄ ደህና ነው፤ ዛሬም የበሬ ቆዳ ዓይኔን ጨፍኜ ብዳብስ ጀርባውን ከሆዱ እለያለሁ። የከዳኝ ዓይኔ ነው። አንድ ቀን ክር ላስገባ ስታገል ቆይቼ «ይሄ መርፌ ቀዳዳ የለውም» ብዬ ብወረውረው፣ ሚስቴ ሉባባ ከወለሉ ላይ አንስታ ባንድ ጊዜ አስገባችበት። «ቀዳዳውስ ነበረ፣ የጠፋኸው አንተ ነህ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚሴ ላይ ከሱቃችን ደጅ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን መኪና አያለሁ።

ሽማግሌ መመካት አይገባውም ይላሉ። እኔ ግን እመካለሁ። በወጣትነቴ ቆዳ የሚነካ ሰው አይከበርም ነበር። «ፋቂ» ይሉናል፤ ኮርቻችንን ይቀመጡበታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩልንም። ሉባባን ለማግባት ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ልኬአለሁ፤ በሦስተኛው አባቷ እሺ ያሉት እሷ ስላለቀሰች እንጂ እኔን ወደው አልነበረም። ዛሬ ሞተር የምትነዳ ሴት በየት በየት ጠይቃ የእኛን ደጅ ስታገኝ፣ ያን ጊዜ የናቁኝ ሰዎች በሕይወት ኖረው ባዩ እላለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰንበቴ የነበሩት ኮርቻ ሰፊ አባ ሙሔ ናቸው። አላህ ይዘንላቸው። ሲሰፉ ጅማቱን በጥርሳቸው ስለሚይዙ ለወሬ የሚሆን አፍ አልነበራቸውም። ሲቆጡም ሲደሰቱም በቅንድባቸው ነው። ቆዳ ሲገዙ በምላሳቸው ጫፍ ይነኩታል፤ ጨው ከበዛበት ያለ ምንም ክርክር ለባለቤቱ ይመልሱለታል፣ ጨው ክር ይበላልና። ከበሬ ቆዳ ጀርባውን ጫና ለሚበዛበት ቦታ ያውሉታል። የሆዱን ወገን ደግሞ «ይሄ ውሸታም ነው» ብለው ወደ ጎን ይጥሉታል። የሆድ ቆዳ ዛሬ ልክህ ነው፣ ከወር በኋላ ተለጥጦ ሌላ ሰው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ግን በቅሎ ሲለኩ ነው። ሌላው ኮርቻ ሰፊ የቆመች በቅሎ ጀርባ ላይ ስንዝሩን ዘርግቶ ይለካና በቃኝ ይላል። አባ ሙሔ ባለቤቱን ያስቀምጡባታል፣ ሽቅብም ቁልቁልም ያስነዷታል፣ እሳቸው ጎን ለጎን እየሄዱ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ኮርቻው ሲያልቅ ደግሞ ጀርባዋ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ። ኮርቻው ተጭኖ ትንሽ ከሄደች በኋላ ይነሳና ይገለበጣል። አመዱ የተጠቀጠቀበት ቦታ ኮርቻው የሚበላት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ይቀነሳል፣ ወይ ይደለደላል። «የቆመ በቅሎ አይለካም» ይሉ ነበር። ደጋግመው ሲናገሩ የሰማሁት ይህችኑ ነው።

እሳቸው ሲሞቱ የራሳቸው የእንጨት ኮርቻ ለእኔ ደረሰኝ፤ በቅሎ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። መንገድ ገባ፣ መኪና ገባ፣ ኮርቻ የሚያሠራ ሰው እየሳሳ መጣ። ደሴ ወጥቼ አንድ ጫማ ቤት ተቀጠርሁ። አለቃዬ ሁሉን ነገር በቁጥር የሚያምን ሰው ነበር፤ አርባ ቁጥር እግር ሁሉ አርባ ነው ይላል። አንድ ገበሬ እግሩ ሰፊ ሆኖ ጫማው ሲጠበው «እግርህ ነው የተሳሳተ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደመወዙ መጥፎ አልነበረም፤ እኔ ግን ያን ከሰማሁ በኋላ ልቤ ሸፈተ። ከሚሴ ተመለስሁና የባጃጅ ወንበርና የሞተር ወንበር መስፋት ጀመርሁ። ሥራው ይበዛል፣ ፍቅር ግን የለውም። ኮርቻዋን ጥግ ላይ አስቀምጬ ቁርጥራጭ ቆዳ እከምርባት ነበር።

ዘይነባ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ የክትባቱን በረዶ ሣጥን ከሞተሯ ኋላ አስራ ከጨፋ ሜዳ እስከ ሰንበቴ ገበያ ትዞራለች። ሞተሩን ደጄ ላይ አቁማ ሄልሜቷን በክንዷ አቅፋ ገባች።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሽ ሰይድ። አከም ጅርቱ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ነጋያ፣ ልጄ። ወንበርሽ ተቀደደ?»

«ወንበሩስ ደህና ነው። የተቀደድሁት እኔ ነኝ» አለችና መዳፏን ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ድረስ የጠጠር መንገድ ፍቆት የሻረ ጠባሳ አለ። «ጉልበቴም እንዲሁ ነው። የቆዳ ሱሪ ፈልጌ አጣሁ።»

ያልፈለገችበት የለም። ሰልባጅ ተራ ገብታለች፣ መርካቶ ድረስ ሰው ልካለች። የተገኘው ሁሉ የወንድ ነው። ዳሌዋ ላይ የሚገባላት ወገቡ ላይ ዶሮ ያሳድራል፤ ወገቡ ልክ የሆነው ከጭኗ አያልፍም። ሞተር ላይ ጎንበስ ስትል ከኋላ ወርዶ ጀርባዋን ያጋልጣታል። የጉልበቱ መከላከያ ደግሞ ለረጅም ወንድ የተሠራ ስለሆነ ቅልጥሟ ላይ ወርዶ ይቀመጣል።

«አባቴ አንድ ጊዜ ደግመሽ ከወደቅሽ ሞተሩ ይቅር ብሏል» አለች። «ሞተሩ ከቀረ ሥራዬ ቀረ ማለት ነው። በእግሬ ስንት ቀበሌ ልደርስ? በሽታው እንደሆነ እኔን ቆሞ አይጠብቅም።»

አባቷን አውቀዋለሁ፤ የጨፋ ሮቢቱ ኢብራሂም ነው፣ እኩያዬ፣ ከብት አርቢ። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው።

እሺ አልሁ። ደስም አለኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ለሚንቀሳቀስ ነገር ልሰፋ ነው። ነገር ግን ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ ወንድ ነኝ፤ እጄ እሷን አይለካም። ሉባባን ጠራሁና ከመጋረጃው ጀርባ ሲባጎ ይዛ ገባች። ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ጭኑን፣ ቁመቱን በየቦታው እየቋጠረች ለካችና ወጥታ ሲባጎውን ሰጠችኝ። ከዚያም ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰይድ፣ ቁጭ ስትል ግን ሌላ ነው። ሰው ሲቀመጥ መቀመጫው ይሰፋል፣ ጉልበቱም…»

«አስተግፊሩላህ በይ!» አልኋት። «የሰው ልጅ ገላ ሱቅ ውስጥ ይወራል እንዴ?»

«ታዲያ ሱሪው የሚለበሰው ምን ላይ ነው?»

«ቁመቷን ሰጥተሽኛል። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

ሉባባ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። እኔ ሰው ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አላውቅ ኖሮ አይደለም። አባ ሙሔ ስንት ዓመት ያስተማሩኝን እንዴት አላውቅም? አንዲት የሰው ልጅ፣ ያውም የኢብራሂምን ልጅ፣ ሞተር ላይ ወጥተሽ እግርሽን ከፍተሽ ተቀመጪና ልይ ማለት አፈርሁ። ሚስቴ እንድታደርገው መንገር እንኳ አፈርሁ። ሀፍረቴን ጨዋነት ብዬ ጠራሁት።

ሱሪውስ አማረ። ጉልበቱና መቀመጫው የበሬ ጀርባ፣ የጭኑ ውስጥ ለስላሳ የፍየል ቆዳ፣ ጉልበቱ ላይ በስፖንጅ የተደለደለ የጫማ ሶል ቆዳ። ክሩን እያንዳንዱን በሰም አሽቼዋለሁ። ዘይነባ ከላይ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሰፊ ቀሚሷን ለብሳ ሱቁ ውስጥ ቆማ ስትታይ ልክ ነው። ስትቆም! «ማሻአላህ» አልሁ፣ ራሴን ነው ያመሰገንሁ።

ወር አልሞላም። ከጨፋ ሜዳ ስትመለስ ጥጆች ድንገት መንገድ ገቡባት፤ እነሱን ስትሸሽ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ባጃጅ ነጂው ሮጦ መጥቶ ሲነግረኝ መቀሱን እንደያዝሁ ወጣሁ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ነው እጄ ላይ ያየሁት። ወንድ ስለሆንሁ ወደ ውስጥ አላስገቡኝም። ሉባባ ገብታ ቆይታ ሱሪውን በፌስታል ይዛ ወጣች። «ጉልበቷ ነው» አለችኝ።

ሱቅ ተመልሼ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የትም ቦታ አልተቀደደም፣ አንድ ስፌት አልተፈታም። ግራ ገባኝ። ከዚያ ጥግ ያለችው ኮርቻ ላይ ዓይኔ አረፈ። ቁርጥራጩን ጠርጌ ሱሪውን እንደ ተቀመጠ ሰው አድርጌ አለበስኋት፣ እግሮቹን አጥፌ አንጠለጠልሁ። የጉልበቱ መከላከያ አራት ጣት ወደ ላይ ሸሽቶ ጭን ላይ ወጣ። ጉልበቱ ባለበት ቦታ ድልዳል የሌለው ባዶ ቆዳ ብቻ ነበር። እኔ ያልተቀደደ ሱሪ ሰፍቼ፣ ያልተቀደደው ሱሪ ውስጥ የልጅቱ የጉልበት ሎሚ ተሰነጠቀ። ዙህር ስሰግድ ሱጁድ ላይ እንዳለሁ ማልቀሴን ዛሬ ብናገር አላፍርም፤ ማፈር የነበረብኝ ጊዜ ሌላ ነው።

በማግስቱ ጨፋ ሮቢት ሄድሁ። ኢብራሂም ከበረቱ ደጅ ቆሞ ነበር፤ የሞተሩ ቁልፍ በጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰላምታዬን መለሰ እንጂ ግባ አላለኝም።

«ሰይድ» አለ፣ «ልጄ በቅሎ መሰለችህ?»

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድሁ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ጥጆቹ ናቸው፣ የአላህ ቀደር ነው ልል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በቅሎ ብትሆን ኖሮማ አስቀምጬ እለካት ነበር፣ ኢብሬ። ለበቅሎ የማልነፍገውን ለልጅህ ነፈግኋት። አፍሬ ነው። ሉባባ ነግራኝ ነበር፣ አፏን አስያዝኋት።»

ኢብራሂም ቁልፉን ኪሱ ከተተና «እግሯ ይዳን፣ ከዚያ በኋላ ወሬም የለ፣ ሞተርም የለ» ብሎ ገባ።

እግሯ እስኪጠና ሰነበተ። አንድ ቀን ዘይነባ በከዘራ እያነከሰች ሱቄ በር ላይ ደረሰች። ብድግ ብዬ ቆምሁ፣ ዓይኗን ማየት ግን አልቻልሁም።

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ።»

«አውፍ ብያለሁ። የመጣሁት ግን ለአውፍታ አይደለም» አለች። «እንደገና ይስፉልኝ። የወንዶቹ አይሆነኝም፣ የአንቱም አልሆነኝ። አሁን ግን የት እንዳልሆነ እናውቃለን።»

«አባትሽስ?»

«ልክ የሆነ ሱሪ አምጥተሽ ካሳየሽኝ አንድ ጊዜ እሞክርሻለሁ ብሏል። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሉባባ ከመጋረጃው ጀርባ ሳትጠራ ወጣች። «አብሽሪ የኔ ልጅ» አለቻት፤ ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ኮርቻዋን አምጣ» አለች። አምጥቼ ከመጋረጃው ወዲያ አኖርሁና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሉባባ አለቃ፣ እኔ ተላላኪ ነበርሁ። ዘይነባን ኮርቻው ላይ አስቀምጣ ሲባጎውን በተቀመጠችበት ቋጠረች፤ አጎንብሺ ትላለች ይቋጠራል፣ እግርሽን አንሺ ትላለች ይቋጠራል። እየወጣች ስትነግረኝ ስሙን ሳልዘልል፣ ጭኑን ጭን፣ መቀመጫውን መቀመጫ ብዬ በጠመኔ ጻፍሁ። ሰማይ አልወደቀም።

ቋጠሮዎቹን ከመጀመሪያው ሲባጎ ጎን ስዘረጋቸው የሁለት ሴቶች ልክ ይመስል ነበር። ስለዚህ ከኋላ ወገቡን አራት ጣት ከፍ አደረግሁት፣ ስታጎነብስ ጀርባዋን እንዲከተላት። ከፊት ደግሞ ዝቅ አደረግሁት፣ ሆዷን እንዳይወጋት። ከጉልበቱ በላይ ቆዳውን እንደ አኮርዲዮን አጣጥፌ ሰፋሁት፤ እግሯን ስታጥፍ እጥፋቱ ይዘረጋል፣ መከላከያው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ከጉልበቷ ኋላ የሚጨማደደውን ቆዳ ቆርጬ አወጣሁና በስስ ፍየል ተካሁት። በወገቡ ግራና ቀኝ እንደ በቅሎ መታጠቂያ ዘለበት አደረግሁ፣ ሲሰፋም ሲጠብም ራሷ እንድታስተካክለው። ስፌቱንም ከጭኗ ውስጥ ወደ ፊት አሸሸሁት፤ አባ ሙሔ ስፌት ከሚፈተግ ቦታ ይራቅ ይሉ ነበርና።

ስጨርስ የሉባባ ተራ ሆነ። አመድ ልብስ ያበላሻል ብላ ጠመኔ ፈጨች። የመከላከያውን ውስጥ ቀባችና ዘይነባ በስስ ጥቁር ሱሪ ላይ ደርባ እንድትለብሰው አደረገች። ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻት፣ አስነሳቻት፣ እንደገና አስቀመጠቻት። ሲወልቅ ነጩ ምልክት ከጉልበቷ ሎሚ ሁለት ጣት ፈቀቅ ብሎ ነበር። ፈታሁት፣ ደግሜ ሰፋሁት። ደግማ ቀባች። አሁንም ትንሽ ይቀረዋል። ስንት ጊዜ እንደፈታሁት አልናገርም። በመጨረሻው ሉባባ መጋረጃውን ገልጣ ምንም ሳትል ቅንድቧን አነሳች፤ አባ ሙሔ በሕይወት ያሉ መሰለኝ።

ኢብራሂም ቁልፉን መለሰላት። ክረምቱ ገባ። ሞተር ባለፈ ቁጥር ወስፌዬን አቁሜ አዳምጥ ነበር፣ ሉባባም «ጆሮህን ከአስፋልቱ አንሳው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያለውን አልረሳሁም።

አንድ ጠዋት ኢብራሂም ብቻውን መጣ። ሱሪው ትከሻው ላይ ነው፣ ጭቃ ለብሷል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «ዘይነባስ?» አልሁት።

ኢብራሂም አውራ ጣቱን የሱሪው ቀኝ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። የበሬው ቆዳ ተልጦ፣ የሶሉ ቆዳ እስኪታይ ድረስ ተፍቋል። ጣቱን በተፋቀው ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰው።

«ትናንት ሰንበቴ መውጫ ላይ ግመል ገባባት» አለ። «ሞተሩ ብዙ ርቀት ነው ጠጠሩ ላይ የጎተታት። ጉልበቷን እኔው ራሴ አየሁት። ጭረት የለውም፣ ሰይድ። ወላሂ፣ የቧጠጣት ነገር የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ።

«ቶሎ ጠግንልኝ» አለ። «ሥራ ልሂድ ብላ ቤት ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።»

ካለኝ ቆዳ ሁሉ የተሻለውን ጀርባ አወጣሁና እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ጠገንሁት። በሕይወቴ ብዙ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያች ጥገና የኮራሁበት ሥራ የለኝም።

ከዚያ በኋላ ወሬው በየመሥሪያ ቤቱ ዞረ። ከደጋው የግብርና ባለሙያዋ መጣች፣ አዋላጇ መጣች፣ ሌሎችም እየተከታተሉ መጡ። እያንዳንዷን ሉባባ ኮርቻው ላይ እያስቀመጠች ለካች። ዓይኔ ሲደክም ከመለካት አልፋ መቁረጥ፣ ከመቁረጥ አልፋ መስፋት ያዘች። ዛሬ ሱቁ የእሷ ነው። የመጀመሪያውን ሱሪ፣ ያን ያልተቀደደውን፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንሱት ሲሉኝ እምቢ ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኢብራሂም እንደገና መጣ። ከኋላው ታናሿ ልጁ ሐዋ ሄልሜት አቅፋ ቆማለች፤ እሷም እንደ እህቷ ሥራ ይዛ ሞተር ተሰጥቷታል። አግዳሚዋ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ትቻለሁ፣ ኢብሬ» አልሁት። «ዓይኔ አያይም።»

«አንተን ማን ፈለገህ? እኔ የመጣሁት ሉባባ ጋ ነው» አለና ወደ ሱቁ ውስጥ ጮኸ። «ሉባባ! እንደ አባ ሙሔ በቅሎ አድርገሽ ለኪልኝ!»

ሐዋ አፍራ ሳቀችና ወደ ውስጥ ገባች። መጋረጃው ሲሳብ ሰማን። «ታኢ፣ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ» አለቻት ሉባባ። ቀጥሎ የአባ ሙሔ ኮርቻ እንጨት ሲንቋቋ ሁለታችንም ሰማን። ኢብራሂም ጆሮውን ወደ በሩ እንዳዘነበለ ቀረ።

«እሺ? ለካሻት?» አለ፣ አላስችል ብሎት።

«እናንተ ወንዶች ዝም በሉ» አለች ሉባባ ከውስጥ። «ገና ተቀመጠች።»